ከአሥራ ሦስት በታች

«ያቺ ኢትዮጵያዊቷ ልጅ እኮ አሥራ ሦስት ሞልቷታል» አለች አንደኛዋ እናት። «የልደቷ ኬክ ሲቆረስ የኔ ልጅ እዛው ነበረች። የክርስማስ ዕለት።»

እኔ ፎጣ የሞላ ጋሪ እየገፋሁ ከኋላቸው ነበርኩ። እዚህ ክለብ ውስጥ ፎጣ የሚገፋ ሰው አይታይም። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰማሁትን ባወራ ዳውንታውን ካሉት ባለትዳሮች ግማሹ ይፋታል። ሁለተኛዋ እናት የወረቀት ኩባያዋን እያሽከረከረች፣ እነዚህ ሰዎች ለነገሩ የተወለዱበትን ቀን መች ያውቁታል ብላ ሳቅ አለች። በክፋት አልነበረም፤ ስለ ዝናቡ እንደምታወራ ነው ያለችው። የመጀመሪያዋ ግን አልሳቀችም። ልጇ ትናንት በግማሽ ፍጻሜ በዛችው ልጅ ሦስት ለዜሮ ተሸንፋ ሻወር ቤት ውስጥ ስታለቅስ ነው ያመሸችው። ለማንኛውም የውድድሩ ዴስክ ጋ ሄጄ አንድ ነገር ጣል አደርጋለሁ አለች። ጋሪዬ ቆመ። ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ግን መቼ እንዳቆምኩት አላውቅም።

በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥር፣ ዲሴምበር ሠላሳ፣ ሐሙስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ክለባችን ግድግዳ ላይ ኳስ በራኬት በሚለጉ፣ ከየአገሩ በመጡ የስኳሽ ልጆች ተጥለቅልቋል፤ ከማሌዢያ፣ ከእንግሊዝ፣ ከግብፅ፣ ከራሳቸው የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክመው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባለ መስታወቱ ኮርት ውስጥ የሴቶች ከአሥራ ሦስት በታች ፍጻሜ አለ። አንደኛዋ የግብፅ ልጅ ናት። ሌላኛዋ ኖላዊት፣ የእህቴ ልጅ። ሲታክ፣ ኤርፖርቱ ሥር፣ አውሮፕላን ሲያልፍ ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥበት አፓርትመንት ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እዛ ሰፈር ስኳሽ ማለት ያው በእንግሊዝኛ የሚበላው ዱባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ጽገወይኒ አንድ ሽማግሌ ለመንከባከብ ፌደራል ዌይ የሚባል ሰፈር ትሄዳለች፣ ባሏ ታክሲ ላይ ነው፣ ሶ ልጅቷን እኔ ሥራ ይዣት እመጣና ባዶ ኮርት ውስጥ እደብቃታለሁ። ራኬቷን ከጠፉ ዕቃዎች ሳጥን ውስጥ ነው ያነሳሁላት። ከስምንት ወር በኋላ የክለቡ አሠልጣኝ፣ ኮቹ፣ ያዘን። ተባረርኩ ስል ቆሞ ስትጫወት አያት፣ ከዛ ይሄን ማን አስተማራት አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ራኬት በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም።

ዴስኩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሄጄ አነበብኩ፤ እንግሊዝኛ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ፍጻሜ የደረሱ ልጆች በሙሉ ዕድሜያቸውን የሚያሳይ መታወቂያ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ያቅርቡ ይላል። በፍጻሜው ዕለት አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት መጫወት አትችልም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖላዊት የተወለደችው በኛ ታኅሣሥ ሃያ አምስት፣ አሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ነው። እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፣ የተገረፍኩበት ቀን ነዋ። አሥር ዓመቴ ነበር። ለገና የተገዛው በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ ነበር፣ እኔ ልጋልበው ፈታሁት፣ ወጣ፣ የግቢው ወንድ ሁሉ በጉን ሊያባርር አስፋልት ተሻግሮ ሄደ። ያኔ እህቴን ምጥ ያዛት። ታክሲ የሚጠራ አንድ ወንድ ጠፋ። ለገና አራት ቀን ቀርቶት ነበር። በፈረንጅ ሲቆጠር ጃንዋሪ ሦስት፣ ዘጠና ስምንት ማለት ነው። አባቷ ጋሽ ተክለ ጻድቅ የዲቪውን ፎርም ሲሞላ ግን ታኅሣሥን ዲሴምበር አደረገው፣ ሃያ አምስቱን እንዳለ ተወው፣ ዓመቱ ላይ ሰባት ደመረ። ዲሴምበር ሃያ አምስት፣ ዘጠና ሰባት። ስንቱ አበሻ እንዲህ ብሎ መጥቷል። ዘጠኝ ቀን ነው ልዩነቱ። እዚህ ስንመጣ አስተማሪዎቿ በክርስማስ የተወለደች ዕድለኛ እያሉ ስጦታ አበዙላት፣ ቤት ውስጥም በየዓመቱ ያን ቀን ኬክ ተቆረሰ። እውነቱን የምናውቀው ሦስታችን ትልልቆቹ ብቻ ነን። ዘንድሮ ደግሞ የሠላሳ ስምንት ዶላር ኬክ ነበር፣ ላዩ ላይ በክሬም የተሠራ ራኬት ያለበት፣ የክለብ ጓደኞቿም ተጠርተው።

ዘጠኝ ቀን ምን አላት፣ አስተካክሏት፣ ሊል የሚችል ሰው አለ። ዘጠኟን ቀን ለማስተካከል የኢሚግሬሽን ፋይሉ መከፈት አለበት። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁ። እኔ በወረቀት የጋሽ ተክለ ጻድቅና የጽገወይኒ ልጅ ነኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እህቴ ናት፤ ዲቪው ሲደርሳቸው እሱን ጥዬ የትም አልሄድም ብላ አለቀሰች፣ ባሏ ደግሞ እሷ ስታለቅስ አይችልም። ልጃችን ነው ብለው አስገቡኝ፣ እንዲመስልም አራት ዓመት ቀነሱልኝ። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ በወረቀት አሥራ ዘጠኝ። እዚህ ትምህርት ቤት ስገባ ፂም እየላጨሁ ከሕፃናት ጋር ነው የተቀመጥኩት፤ ሁለት ዓመት ሞከርኩ፣ በቃኝ። ቤት ውስጥ ጋሼ የምለውን ሰውዬ ኢሚግሬሽን ስንሄድ አባዬ እለዋለሁ። የፊታችን ማክሰኞ የሲቲዝንሺፕ፣ የዜግነት ቃለ መጠይቁ ነው። ማታ ማታ ኖላዊት የእናቷን መነጽር አድርጋ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥና ኦፊሰር ትሆንለታለች፤ መቶዎቹን የታሪክ ጥያቄዎች ትጠይቀዋለች፣ ሲሳሳት ጠረጴዛውን በማንኪያ ትመታለች። የቤተሰቡን ጥያቄ ግን ለብቻው፣ ሽንት ቤት ገብቶ ውኃ ከፍቶ ነው የሚያጠናው።

ታዲያ ኦክቶበር ላይ ኮቹ የመመዝገቢያውን ፎርም ወላጆቿ ይሙሉት ብሎ ሰጠኝ። የትኞቹ ወላጆች፣ እነሱ ቤት መቼ አሉ። ፎጣ ክፍሉ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ራሴ ሞላሁት። የልደት ቀን የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ዲሴምበር ብዬ ብጽፍ ከአሥራ አምስት በታች ሊጥሏት ነው፣ ራሳቸው የበሩ ጫፍ ከሚደርስ ልጃገረዶች ጋር። ጃንዋሪ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ከታች የአባቷን ስም ፈረምኩ። ያኔ ብቻዬን ስስቅ የፎጣ ማድረቂያው ድምፅ ነበር የሸፈነልኝ። ዛሬ ሳቁን ከየት ልጥራው።

ለእህቴ ኮል አደረግኩ። የምትጠብቃቸውን ሽማግሌ እያጠበች ነበር፤ የሳቸው ቴሌቪዥን ይጮሃል። ሁሉንም ነገርኳት። ጥሩ ተሳዳቢ ናት፣ ስድቧን ጠበቅኩ፣ አልመጣም። በመጨረሻ በጣም ቀስ ብላ፣ ሽማግሌው አማርኛ የሚሰሙ ይመስል፣ ለጋሼህ ደውል አለችኝ። ቀጥላም ማክሰኞን አስብ አለችና ዘጋች።

ጋሽ ተክለ ጻድቅ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት የጠበቀውን ተራ ጥሎ መጣ። የጭነት መኪና ማራገፊያ ቦታ ላይ ፓርክ አደረገ፤ እንደዛ አድርጎ አያውቅም፣ አርባ ሰባት ዶላር የሚያስቀጣ ቦታ ነው። ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሲቲዝንሺፑ ሲዲ እየተናገረ ነው፤ አንዲት ሴትዮ ሴናተሮች ስንት ናቸው ትላለች። መቶ ብሎ መለሰላትና አጠፋት። ከዛ እኔ አወራሁ። ዝናቡ መስታወቱን ሸፈነው፣ መጥረጊያውን አላበራም፣ ሰው እንዳያየን ይመስለኛል። እጆቹ መሪው ላይ ናቸው፣ መኪናው ቆሞ እንኳን አጥብቆ ይዞታል።

«የኔን ስም ፈረምክ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጃንዋሪ ሦስት ብለህ።»

«እውነቱ እሱ ነዋ።»

«እውነቱን ማን ጠየቀህ» አለ።

እጁን ሰዶ ከፊቴ ያለውን መሳቢያ ከፈተ። የሁላችንም ወረቀት በአንድ የላስቲክ ኤንቨሎፕ ውስጥ እዛ ነው ያለው፤ ከመጣን ጀምሮ አምስት ዓመት ታክሲው ውስጥ ይዞት ይዞራል፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳን እንዲተርፍ። የኖላዊትን ግሪን ካርድ አወጣ፣ አየው፣ መለሰው፣ እንደገና አወጣው። ካርዱን ካሳየን ልጅቷ አጭበርባሪ ልትባል ነው፣ ኮቿም ይጠላታል፣ ነገር ግን በዛው ያልቃል። እውነተኛው ቀን ጃንዋሪ ነው ካልን ደግሞ ታዲያ ካርዱ ላይ ያለውን ማን ጻፈ ይላሉ፤ ከዛ ኢሜይል፣ ከኢሜይል ስልክ፣ ማክሰኞ ያ ኦፊሰር ፋይሉን ገለጥ አድርጎ ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው ይላል፣ ቀጥሎ ወንዱ ልጅህስ ይላል። ይሄን ሁሉ አፍ አውጥቶ አልተናገረውም። ካርዱን ሲያገላብጥ ነው ከፊቱ ያነበብኩት። በመጨረሻ እግሯን ተጠማዘዘች እንበል አለ። ታማለች ብለን እንውሰዳት፣ ካርድም አይታይ፣ ምንም። አንተ ንገራት አለኝ፤ እሱ ዓይኗን እያየ አይችልም።

ኮርት አራት ውስጥ አገኘኋት፣ ድሮ የምደብቃት ቦታ። እየተሟሟቀች አልነበረም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ኳሷን በሁለት እጇ እንደ እንቁላል ይዛታለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ስለ እግሯ ጀመርኩ። እግሬን አላመመኝም አለች። ከዛ ቀና ብላ ሳታየኝ ወሬውን ራሷ አፈሰሰችው። ሕጉን ታውቃለች። የክርስማስ ማታ ሁሉም ሲተኛ ኢንተርኔት ላይ አንብባዋለች። ከዛ ቀን ጀምሮ አልተኛችም፤ ኮሪደሩ ላይ የአዋቂ ጫማ በሰማች ቁጥር ሊወስዷት የመጡ ይመስላታል። ትናንት ልትሸነፍ ሞክራ ነበር።

«ኳሷን ከግድግዳው ግርጌ ያለው ቆርቆሮ ላይ ልመታት ነበር፣ አውት እንዲሆን። እጄ እምቢ አለኝ፣ ተስፎ።» ኳሷን ጨመቀቻት። «አይ ኤም አ ቺተር። አጭበርባሪ ነኝ። ዴስኩ ጋ ሄጄ ልነግራቸው ነው።»

ለኔ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። ሂጂ ንገሪ ብል በቃ፣ አለቀ። ነገር ግን ይቺ ልጅ በሕይወቷ ራሷን ሌባ እያለች ልትኖር ነው፣ ሳትሰርቅ። በጉን የፈታሁት እኔ፣ ፎርሙን የሞላሁት እኔ። እጇን ይዤ ፎጣ ክፍል ወሰድኳት፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ማድረቂያዎቹን ሁሉ አበራኋቸው። ክፍሉ እንደ ምድጃ ሞቀ። በጉንም፣ ግርፋቱንም፣ ታኅሣሥንም ነገርኳት። በጣቶቿ ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች።

«ሶ ዛሬ አሥራ ሁለት ነኝ?»

«አሥራ ሁለት ነሽ። እስከ ሰኞ።»

ፊቷ የበራው እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። አምስት ቀን አንገቷ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ የወረደላት ነው የሚመስለው። ራኬቷን አንስታ ወደ በሩ ሮጠች፣ እንንገራቸው እያለች። በሩ ላይ ቆምኩባት። ያኔ ቀሪውን መናገር ነበረብኝ፤ ስለ ፋይሉ፣ ስለ ማክሰኞ፣ ስለ እኔ። ትምህርት ቤት ውስጥ ወንድሜ ነው ስትል ለማሳጠር ይመስላት ነበር። በወረቀትም ወንድሟ መሆኔን አታውቅም። ቢደርሱበት ምን ያደርጉናል አለች። ወደ መጣንበት ይመልሱናል አልኩ። እኔንም፣ አለች። እሱን እኔም አላውቅም። አንተንስ፣ አለች። እኔን መጀመሪያ አልኩ።

ማድረቂያው ጨርሶ ጮኸ። ሁለታችንም ደነገጥን። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የስኒከሯን ክር ቀስ ብላ ፈታችው፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው፣ እስኪያልቅ። «ኦኬ» አለች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ወጥቼ ካርዱን ከጋሽ ተክለ ጻድቅ ተቀበልኩ። ተጠማዘዘች የሚለው አያስኬድም ጋሼ፣ የተሸነፈችዋ ልጅ እናት ዴስኩ ጋ ተናግራለች፣ ጥያቄ ያመጣል፣ ባይሆን ነገሩ እኔ ላይ ይለቅ አልኩት። እጁ ካርዱን ቶሎ አልለቀቀውም፤ ጎተት አደረግኩት። ዴስኩ ጋ ሁለቱ እናቶች ቆመዋል፤ ያላዩኝ መስለው ሊያዩኝ ይሞክራሉ። የውድድሩ ዳይሬክተር መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች አሮጊት ናት፣ ሳምንቱን ሙሉ ፎጣ ሳቀብላት ታመሰግነኝ ነበር። ካርዱን ፊቷ አስቀመጥኩ። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ አሥራ ሦስት ሞልቷታል፣ እሷም ወላጆቿም አያውቁም፣ ቀኑን ዋሽቼ ነው አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ካርዱን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ አንድ ወረቀት ላይ ጻፈችና ፈርምበት አለችኝ። በሕይወቴ ፎርም ላይ እውነት የጻፍኩት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ውሸት ነው ብዬ ፈረምኩ።

«ምኗ ነህ አንተ?» አለች።

«ወንድሟ።»

እሱንም ጻፈችው። ስለ ሐቀኝነቴ አመሰገነችኝና የሥራ ባጄን ለክለቡ ማናጀር እንድመልስ ነገረችኝ፤ ተባረርኩ ማለት ነው። ያቺ የተሸነፈችው ልጅ እናት ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ የልጅቷ ጥፋት አይደለም አለች። ልክ ብለዋል አልኳት።

ስምንት ሰዓት ላይ ዋንጫው ለግብፅ ልጅ ተሰጠ። ቀደም ብላ መስታወቱ ውስጥ ብቻዋን ኳስ ስትመታ አየኋት፤ ደስ አላላትም፣ አብሯት የሚጫወት አጥታ ነው የምትመታው። ኖላዊት ከሰው ኋላ ቆማ አጨበጨበች። ዋንጫውን ይዛ ስትወርድ ግብፃዊቷ ልጅ ቀጥ ብላ ወደኛ መጣች። ማንም ምንም አልነገራትም መሰለኝ። እግርሽን ነው ወይ የተጎዳሽው አለቻት በእንግሊዝኛ።

«የስ» አለች ኖላዊት። «ቁርጭምጭሚቴን።»

ግብፃዊቷ ዋንጫውን ለአፍታ አስይዛት መልሳ ተቀበለቻት። ከዛ ኖላዊት ማነከስ ጀመረች። ደረጃውን እያነከሰች ወረደች፣ ሎቢውን እያነከሰች አቋረጠች፣ ኮቿ ዞር ሲልባት እንኳን ማነከሷን አላቆመችም። ግብፃዊቷ ከዓይን ከጠፋች ቆይታለች፤ እሷ ግን ዝናቡ ውስጥ፣ ማንም በሌለበት፣ እስከ ታክሲው በር ድረስ አነከሰች። በቃሽ ልላት ነበር። ፈራኋት።

ታክሲው መስታወት ላይ የአርባ ሰባት ዶላሩ ቅጣት ተለጥፏል። ጋሽ ተክለ ጻድቅ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። የሲዲዋ ሴትዮ ጀመረች። ከኋላ ወንበር ኖላዊት፣ አጥፋት አባ፣ እኔ ልጠይቅህ አለች። አጠፋት። ማታ ማታ በማንኪያ የምትጫወትበት ድምፅ ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም።

«ሚስተር ተክለ ጻድቅ፣ ልጆችህ ስንት ናቸው?»

በመስታወቱ አያት። ይሄን ጥያቄ እሷ ጠይቃው አታውቅም። «ሁለት» አለ።

«ኖላዊት መቼ ተወለደች?»

መጥረጊያው አንዴ ሄደ፣ ተመለሰ። ከላያችን አንድ አውሮፕላን ጎማውን አውጥቶ ወደ ሲታክ ዝቅ አለ። ጋሽ ተክለ ጻድቅ አውሮፕላኑን በዓይኑ ተከተለ። ያን ዕለት በጉን ሲያባርሩ ከነበሩት ወንዶች አንዱ እሱ ነው፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው ሆስፒታል የደረሰው። ኖላዊት በዛው ድምፅ ጥያቄውን ደገመችለት።

«ዲሴምበር ሃያ አምስት» አለ። «ናይንቲን ናይንቲ ሰቨን።»

«ቆም አትበል አባ» አለችው። «ስትቆም የዋሸህ ይመስላል። እንደገና።»

እንደገና አለ። ሦስተኛም አስባለችው። ፈጠን አለ፣ ለሰለሰ፣ እውነት መሰለ። ከዛ ወደኔ ዞረች፤ ራኬቷን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ፣ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ። እኔ የጠቀለልኩላት ፕላስተር ጫፉ ተልጧል።

«ተስፎም» አለችኝ፤ ተስፎ አላለችም። «እናትህ ማን ትባላለች?»

እናቴ ለተብርሃን ትባል ነበር።

«ጽገወይኒ» አልኩ፣ ሳልቆም።